ጥናታችንን ለመጽሔት ስለ መላክ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ልዩ ልዩ ባህል ያጠኑትን በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው መጽሔት ያሳትሙ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የራሱን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። የእኛ ጥናት ግን ነጥብ ካገኘንበት በኋላ አቧራ ይለብሳል።

ባለፈው ዓመት እኔ አያቴ ስለ ነገሩኝ አንድ የርስት ሙግት የጻፍሁትን ወደ አንድ መጽሔት ላክሁ። ጽሑፉን የሚመረምሩት ሊቃውንት የጸሐፊውን ስም አያውቁም፤ ጸሐፊውም የእነርሱን አያውቅም። (ዘመድ ለሌለው ልጅ ከዚህ የተሻለ ዳኝነት ከወዴት ይገኛል?) እኔ ግን ስሜን ከሽፋኑ ሰርዤ፥ በግርጌ ማስታወሻው የሁለተኛ ዓመት ጽሑፌን ከነስሜ ጠቅሼ ነበርና አዘጋጁ ለመርማሪ ሳይሰጥ መለሰልኝ።

አስተካክዬ ብልክ ከአራት ወር በኋላ የመርማሪው ቃል መጣ። ዓመቱን አንዳንዴ በእኛ፥ አንዳንዴ በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ጻፍሁ፥ ሙግቱ ከፍርዱ በኋላ የተጀመረ መስሎ ነበር። ይህስ በአንድ ሌሊት ይታረማል። «ነገሩን የነገረህ ማን ነው? የት? መቼ?» የሚለው ግን ከበደኝ፤ አያቴን «አንድ ሽማግሌ» ብዬ አልፌያቸው ነበርና። ደግሜ ልጠይቃቸው ወደ አገር ቤት ብወርድ አርፈዋል። የቀረኝ ቀን ያልተጻፈበት ደብተር ነው።

አንዱን ጥናት በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ነውር መሆኑን መምህራኖቻችን ነግረውናል፤ አልደግመውም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፋችንን ከመላካችን በፊት እርስ በርሳችን የምንመረምርበት ሰዓት ኀሙስ ማታ እንዲሆን ማኅበሩ ይፍቀድልን። የእኔን አስቀድሜ አመጣለሁ።