«ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፦ የአማርኛ ፍለጋ በቡና አገር



በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡና በፀሐይ ይደርቃል። የአደራረቁ መመሪያ «ፀሐይ» ብሎ ጽፎ፣ ፈላጊው «ጸሃይ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያመሳክር የፍለጋ ፕሮግራም መመሪያውን አያገኘውም። «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» በአማርኛ ንባብ አንድ ስለሚሆኑ፣ ይህች አንዲት ቃል በ12 መልክ ልትጻፍ ትችላለች።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አገኘ። ይህ ጽሑፍን ለመጠበቅ የተገባ ሲሆን ለፍለጋ ግን አልበቃም። ጉድለቱን ለመሙላት ከደከሙት አንዱ የኮምፒዩተር ባለሙያው ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። እርሳቸውም ደብል ሜታፎን የተባለውን፣ ቃላትን በድምፃቸው የሚያዛምድ ስልት ከአማርኛ አጻጻፍ ጋር አስማምተው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ አቀረቡ፤ ፕሮግራሙንም በነጻ አበረከቱ።

የዚህ ዓይነቱ ደንብ ተገቢ ስፍራ፣ ፕሮግራሞች ከፍለጋው ሞተር ጋር ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት በር፣ ማለትም ኤፒአይ ነው። በዚያ አንድ ጊዜ ከተሠራ በበሩ የሚገባ ሁሉ ይጠቀምበታል። ሆኖም «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነውና፣ የጽሑፉ ሆሄ ሳይነካ እንዲቆይና በትክክል የተመሳሰለው ቃል እንዲቀድም ማድረግ ያስፈልጋል።

የቡና አምራቹ ዕውቀት በአንዲት ሆሄ ምክንያት ተሰውሮ እንዳይቀር መጠንቀቅ የባለሙያው ግዴታ ነው።