ውጤት ከመጣ በኋላ ያሉት ወራት

(በኮምቦልቻ ከተማ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በፀረ ኤድስ ክበብ አዘጋጅነት ከቀረበ ንግግር)



 ርዕሱን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ «ከ12ኛ ክፍል በኋላ ወዴት?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን «ይቺ ሶሻል ወርከር ስለ ኮንዶም አውርታ ትሄዳለች» ብላችሁ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል። እዚያም መድረሳችን አይቀርም፤ የምንሄደው ግን በሥራ በኩል ነው።

እስቲ ከቁጥር እንነሳ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ይላል። ግን እስቲ ገልብጣችሁ አንብቡት። በ2017ቱ እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላመጡም። ወላጁም፣ መምህሩም፣ ሚኒ ሚዲያውም ሳይቀር «ሐኪም ወይስ ኢንጂነር?» እያለ የሚያወራው ስለ ጥቂቶቹ ነው። እኔ ዛሬ ስለቀሩት ነው የማወራው። ያለፋችሁም ብትሰሙ አይጎዳችሁም፤ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ስንት አለ!

በሥራዬ የማገኛቸው ወጣቶች ምን መሆን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው መልስ አያጡም። ነርስ፣ መካኒክ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሾፌር ይሉኛል። ብዙዎቹ ያላሰቡበት ነገር ቢኖር ውጤት ከመጣበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ደመወዝ እጅ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ነው። ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ የት አድራለሁ? ማን ያበላኛል? የባጃጁን፣ የሳሙናውን፣ የሞዴሱን ከየት አመጣለሁ? እኔ ሶሲዮሎጂ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ አሥራ አንድ ወር ታላቅ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ያን ዓመት ያበላችኝ እህቴ እንጂ ዲግሪዬ አይደለም። እህት የሌለውስ?

አንዲት ልጅ ላንሳላችሁ። ስሟንም ሰፈሯንም አልናገርም። ውጤቷ ለሪሚዲያልም አልበቃ አለ። እቤት ማንም አልተቆጣትም፤ ያነጋገራትም ግን የለም። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ዘመድ «አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሥራ አለ» አለቻትና ሄደች። ሥራው እውነትም ነበር። ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ የመጀመሪያው ወር ደግሞ «ሙከራ ላይ ነሽ» ተብላ ጭራሽ አልተከፈላትም። በዚህ መሃል የአባቷ እኩያ የሆነ፣ «ጋሼ» ብላ የምትጠራው ደንበኛ ኪራይዋን ከፈለላት። ቀጥሎ ስልክ ገዛላት። ስትነግረኝ «አንድም ቀን አስገድዶኝ አያውቅም» ነው ያለችው። ከዚያ ዝም አለችና «ግን በኮንዶም እንጠቀም ለማለት አፌ እንዴት ይከፈት? የምተኛበትን ቤት የሚከፍለው እሱ ነው» አለችኝ።

ይህች ልጅ ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ብትጠየቅ አንድም አትስትም። እናንተም አትስቱም፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰሙት ኖራችኋል። ዕውቀቱ ነበራት፤ የጎደላት የሁለት ወር ኪራይ ነው። ምርመራዋ ምን ሆነ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ ያ የሷ ነው። አሁን እናቷ ቤት ተመልሳ የምግብ ዝግጅት እየሠለጠነች ነው።

ወንዶቹ፣ እናንተም «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ከዚህ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የወረደ ልጅ የመጀመሪያዋን ብር በያዘ ማታ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ወንድ ሁን» ነው የሚሉት። እምቢ ቢል የሚሳፈርበትም፣ የሚበላውም፣ የሚያድርበትም ያው የሚያሾፉበት ሰዎች እጅ ነው።

ታዲያ ያሉትን መንገዶች በዚህ ዓይን እንያቸው።

በሪሚዲያል ወይም በግል ተፈታኝነት እንደገና መሞከር ይቻላል። ክፉ አይደለም፤ ቤተሰብ አንድ ዓመት ሊያበላችሁ ከቻለና በምን ትምህርት እንደወደቃችሁ ካወቃችሁ። ቀኑን ጫት ቤት ውሎ ማታ «እያጠናሁ ነው» የሚለውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቴክኒክና ሙያን በተመለከተ «የወደቀ ሰው ቦታ ነው» የሚለው ወሬ እኔን ያናድደኛል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 አለው፤ የብቃት ምዘና አለው፣ ከፊሉም ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ነው። ከሁሉም በላይ ብዙዎቻችሁ ከቤታችሁ እየተመላለሳችሁ ልትማሩት ትችላላችሁ። ከላይ ያልኳችሁ ጊዜ በእናት ቤት ይታለፋል ማለት ነው። የሙያ ዘርፍ ስትመርጡ ግን ጓደኛ የተመዘገበበት ሄዳችሁ አትሰለፉ። ጋራዥ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ ሆቴል ሂዱና ሦስት ባለቤቶችን ጠይቁ። አምና ማንን ቀጠራችሁ? ስንት ትከፍላላችሁ? የተቀጠረው ልጅ ምን መሥራት አቃተው? ሦስተኛዋ ጥያቄ ምን መማር እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ልብስ ስፌት መግባት ሥራ ነው፤ አላንቋሽሽም። ሆኖም አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ለዚያ ገበያ ይሰፉ በነበሩ የአገራችን ፋብሪካዎች ስንት ልጆች ከሥራ እንደወጡ አይተናል። ስለዚህ ከደመወዙ ላይ ኪራይና ምግብ ቀንሳችሁ የምትተርፈውን አስሉ። አንድ ክፍል ለአራት የምትከራዩ ከሆነ ከነማን ጋር እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ሕጉንም ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ይከፈለዋል። ያቺን ልጅ ያታለሏት እዚህ ላይ ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም አይሠራም። አሠሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ቢፈጽም ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለች። በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግም የተከለከለ ነው። ቫይረሱ በደማችሁ ያለ ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ይህን የተናገርኩት ለእናንተ ነው።

አረብ አገርስ? «አትሂዱ» ብዬ አልዋሽም። እህቶቻችን ከሳዑዲና ከቤይሩት በላኩት ገንዘብ የቆመውን የቆርቆሮ ቤት ሁላችንም እናየዋለን። ግን በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን በጀልባ መሻገርን የሥራ ዕቅድ ብዬ አልጠራውም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱት ከ160,000 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን። ሕጋዊው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ተቀምጧል። ዕድሜ ቢያንስ 18 ነው፤ የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው። ደላላው «ለቲኬት አምጪ» ካለ ከዚያው ተመለሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከጉዞ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው አይቀበሉም። ተገቢ ነው አልልም፤ አሠራራቸው ግን ይህ ነው። ከብቱን ሸጦ፣ ብር ተበድሮ፣ ውጤቱን ከኤጀንሲ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማ ወጣት አለ። አስቀድማችሁ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ በነፃ፣ ከምክር ጋር ተመርመሩ። ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ጋራዡም፣ ወጥ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም አልተዘጋበትም።

አሁን የክበቡ ጸሐፊ ብጣሽ ወረቀት ታድላችኋለች። ስም አትጻፉበት። በአንዱ ገጽ ከውጤት በኋላ ማድረግ የምትፈልጉትን ጻፉ። በጀርባው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የት እንደምታድሩ፣ ማን እንደሚያበላችሁ፣ ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ደግሞ በምላሹ ምን የሚጠብቅ እንደሚመስላችሁ ጻፉ። ጀርባው ባዶ የቀረበት ሰው፣ እኔ እስከ አሥር ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነኝ፤ ብቻውን መጥቶ ሊያነጋግረኝ ይችላል።

ወረቀቱ እስኪታደል ጥያቄ ያለው? ከኋላ እጅህን ያወጣኸው፣ እሺ፣ አንተ ጀምር።