የኒክሰን ያልተሳካ ዕቅድ

ለድሃ ቤተሰብ መንግሥት ጥሬ ገንዘብ ይስጥ ሲባል የግራ ዘመሞች ሐሳብ ብቻ ይመስላል። አይደለም። የነፃ ገበያው ጠበቃ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፦ ገቢው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ግብር ይክፈል፤ ያነሰውን ደግሞ ያው ግብር ሰብሳቢ ይደጉመው። የተበታተኑት የእርዳታ መርሐ ግብሮችም ይቅሩ።

ሪፐብሊካኑ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1969 ተቀራራቢ ዕቅድ ይዘው ብቅ አሉ። ገቢ ለሌለው ባለ አራት አባላት ቤተሰብ በዓመት 1,600 ዶላር! የተወካዮች ምክር ቤትም በማግሥቱ ዓመት አጸደቀው።

ሴኔት ሲደርስ ግን ከግራም ከቀኝም ተመታ። ወግ አጥባቂዎች በዛ አሉ፤ የድሆች መብት ተሟጋቾች ደግሞ 5,500 ካልሆነ ብለው ሙግት ገጠሙ። ሁለቱም ሳይወዱት ዕቅዱ እዚያው ቀረ።

በ1975 የወጣው የግብር ተመላሽ ከዚሁ ሐሳብ የተረፈ ነው፤ የሚደርሰው ግን ሠርተው ጥቂት ለሚያገኙ ብቻ ነው።