የዘፈን ፊልም ስለ ማንሣትና ስለ ማቀናበር

(በትምህርት ቤታችን የበዓል ጉባኤ ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የሚታየው የዘፈን ፊልም ርዝመቱ 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። ከመታየቱ በፊት ስለ አሠራሩ ጥቂት እንድንናገር ታዝዘናል። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችን «ለሦስት ደቂቃ ነገር ይህን ያህል ወሬ ምንድን ነው?» እንደሚሉ እናውቃለን። ነገር ግን ካሜራው በየሴኮንዱ 25 ሥዕል ስለሚያነሣ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ 5,500 ሥዕሎች በዐይናችሁ ፊት ያልፋሉ። ከእነዚህም ውስጥ አምስት ሴኮንድ ብቻ የምትቆይ አንዲት ቁራጭ ሁለት ሳምንት ሙሉ አከራክራናለች። ወደ እርሷ ኋላ እንደርሳለን።

ቀድሞ በአገራችን ዘፋኝና ዘፈን አይለያዩም ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ሲገባ ድምፁን የሰማ ሁሉ ፊቱንም ያያል፤ እርሱም በበኩሉ የአድማጩን ፊት እያየ ግጥሙን እዚያው ይለውጣል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ ግን የዘፋኝ ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ለብቻው መጓዝ ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር ድምፅና ፊት እንደ ገና ተገናኙ። ዛሬ በየስልኩ የምናየው ክሊፕ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ድምፁ የተቀረጸው አንድ ቀን፣ ፊቱ የተነሣው ሌላ ቀን ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው በኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው አቀናባሪ ነው። እርሱ ያላገናኘውን ተመልካች አያየውም፤ ያገናኘውን ግን ተመልካች ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ዘፈኑን የደረሰው ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ነው። ልጇ ሩቅ አገር ስለ ሄደባት እናት የሚናገር ሆኖ፣ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወደ ችክችካ ይዞራል። ድምፁን የቀረጽነው በመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ በሰቀልንበት ክፍል ውስጥ ነው። መሰንቆውን የመቱልን የከተማችን አዝማሪ ሲሆኑ፣ ሥራቸው በፊልም እንዲገባ መፍቀዳቸውን በጽሑፍ ተቀብለናል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት እንደሚሰጥ ብዙዎቻችን ያወቅነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በውጭ ስናነሣ መጀመሪያ የተጣላን ከፀሐይ ጋር ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ነው። የስልክ ካሜራ ደግሞ ያየውን ብርሃን ሁሉ ወደ መካከለኛነት ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ በፊቱ ስትቆም፣ ነጠላው እጅግ የበራ መስሎት ሥዕሉን በሙሉ ያጨልመዋል። በዚህ ጊዜ ነጠላው አምሮ ይታያል፤ የልጅቱ ፊት ግን ጥላ ብቻ ይሆናል። መድኀኒቱ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ለክቶ እዚያው መቈለፍ፣ ደግሞም ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ነው። የባሕር ዛፍ ጥላ አይረባም፤ ፊትን እንደ ነብር ቆዳ ያዥጐረጕረዋል። የቤት ጥላ ይሻላል። ጥላው ሲበረታ አንድ ክንድ ተኩል አቡጀዲ ከአገጭ በታች ዘርግቶ መያዝ ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሰዋል። ይህን አቡጀዲ የያዘው ጓደኛችን በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም፤ ፊቶቹ ሁሉ የታዩት ግን በእርሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፊዚክስ ነው። ዘፋኙን ከኮረብታ ላይ አቁመን የተቀረጸውን ድምፅ ከካሜራው አጠገብ ባለ ድምፅ ማጉያ አሰማነው። እርሱም ድምፁን እየሰማ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ርቀቱ 70 ሜትር ያህል ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ዘፈኑ ከጆሮው የሚደርሰው ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህም በፊልሙ ላይ አምስት ሥዕል ይሆናል። አምስት ሥዕል ቢዘገይ ምን አለበት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ዐይን የአፍን መዘግየት ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ በቅንብሩ ጊዜ ያን ሥዕል አምስት እርምጃ ወደ ፊት አስቀደምነው። ምቱም እንዲሁ ሒሳብ አለው። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ከበሮ አንዱ ምት ከሌላው 12 ሥዕል ተኩል ይርቃል። ግማሽ ሥዕል ስለሌለ አንዱን በ12 ሌላውን በ13 እየቈረጡ መሄድ ነው።

ሆኖም በምቱ ሁሉ መቍረጥ ይገባል ማለታችን አይደለም። ብዙ ክሊፖች በየሴኮንዱ ይቈረጣሉ፤ አንድ ጊዜ ትከሻ፣ አንድ ጊዜ አንገት፣ አንድ ጊዜ እግር ያሳያሉ። በዚህ ዐይነት የሚጨፍረው ሰው ሳይሆን መቀሱ ነው። የጎጃም እስክስታ ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ተረከዝ የሚወርድ ነገር ስለ ሆነ ተበጣጥሶ አይታይም። ፍሬድ አስቴር የተባለው አሜሪካዊ ዳንሰኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ፊልም ሲሠራ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ሳይቈረጥ እንዲነሣ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። እኛም ችክችካው ሲጀምር ካሜራውን ተክለን 22 ሴኮንድ ሳንቈርጥ ለቀነዋል። ይሰለቻል የሚል ካለ ከእስክስታው ጋር ይሟገት።

አሁን ወደ አከራካሪዋ ቁራጭ እንመለስ። ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ከጓደኛችን ዘመዶች አንዷ እንጀራ ሲጋግሩ በፈቃዳቸው አንሥተናቸው ነበር። ጢሱ ዐይናቸውን አቃጠለውና እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ያን ቁራጭ ስለ ልጇ የምትናፍቅ እናት ከሚናገረው ስንኝ ጋር ስናጋጥመው በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ። ምድጃው ከሥዕሉ ውጭ ስለ ሆነ ጢሱ አይታይም። እናቲቱ ለልጃቸው አለቀሱ።

ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር በሙከራ አሳይቷል። የአንድን ተዋናይ ያው አንድ ፊት፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቢያጋጥመው፣ ተመልካቹ በመጀመሪያው ረኀብን፣ በሁለተኛው ኀዘንን አየ። ከእኛ ግማሾቹ «ሲኒማ ማለት ይኸው ነው፤ ተዋናይስ ያለቅስ የለምን?» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ተዋናይ የሚያለቅሰው ዐውቆ ነው፣ እርሳቸው ግን እንጀራ እየጋገሩ ነበር ብለው መለሱ። ከዐሥሩ ትእዛዛት ስለ ሐሰት ምስክርነት የሚናገረውን የጠቀሰም አልታጣም። በመጨረሻ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ይፍረዱ ተባለና ቅዳሜ ስልኩን ይዘን ሄድን።

ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ከዚያም ሣቁ።

«አይ ልጆቼ፣ እኔ መች አለቀስሁ? ጢሱ ነው እንጂ! ልጄንስ ቢሆን ትናንት ከገበያ መልስ እዚሁ ቡና አጠጥቼዋለሁ።»

ወዲያው ግን ሣቁ ቀረና «ልጄ በደኅና እያለ በሰው ፊት ስታስለቅሱኝ ሟርት አይሆንብኝም?» አሉን። ይህን ከእኛ መካከል ያሰበው አልነበረም። እኛ የተከራከርነው ስለ እውነትና ስለ ጥበብ ነበር፤ እርሳቸው ያሰቡት ስለ ልጃቸው ነው።

ቁራጯን ከስንኙ ላይ አነሣናት። እማማ እንጀራ ሲጋግሩ መታየቱን ግን አልጠሉትም። ስለዚህ ምጣዱና ጢሱ ከሚታይበት ከመጀመሪያው አንሥተን ዘጠኝ ሴኮንድ አድርገን፣ መሰንቆው ያለ ቃል ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ አገባናት። ዘፈኑ ስለማይረዝም የተጨመረው አራት ሴኮንድ ከዘፋኙ ፊት ላይ ተወሰደ፤ ዘፋኙም ሁለት ቀን አኵርፎናል። በስንኙ ላይ ክፍት በቀረው ቦታ ሰው ያልተቀመጠበት የደጅ መደብ ታያላችሁ። በዚያ ስፍራ ፊልሙ እንደ ቀድሞው አያስለቅስም፤ ይህን እኛም እናውቃለን።

በመጨረሻ ከሚታዩት ስሞች መጀመሪያ የአዝማሪው ይመጣል፤ እማማ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁ አልተጻፈም። እንግዲህ በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጣችሁ መጋረጃውን ሳቡልን።