ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፦ ውሃ ለይቶ የሚያስቀር የናፍጣ ማጣሪያ አገጣጠምና አያያዝ

(በአዘና ከተማ ለወፍጮ ባለቤቶች፣ ለመካኒኮችና በሞተር ፓምፕ መስኖ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በአንድ ጥፋት ልጀምር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥጋ ዘመዴ የናፍጣ ወፍጮ ተከለና «አንተ የተማርህ ነህ፤ ሞተሩን እይልኝ» አለኝ። እኔም ውሃ ለይቶ የሚያስቀር ጥሩ ፊልትሮ ገዝቼ፣ በገዛ እጄ ገጥሜ፣ «በየስንት ሰዓቱ ይቀየራል» የሚለውን በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌለት ተመለስኩ። አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም፤ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ጽዋ በየማለዳው ማራገፍ እንዳለበት። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ስለነበረ ለእሱም ግልጽ መሰለኝ። ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሳይጋመስ ጽዋዋ ሞላች፤ ውሃው ፊልትሮውን አልፎ ወደ ፖምፓው ገባ፤ ፖምፓው ዛገና ነከሰ። ወፍጮው አንድ ወር ያህል ቆመ። በዚያ አንድ ወር የአካባቢው እናቶች ዳጉሳና በቆሎ ተሸክመው በጭቃ ሌላ ቀበሌ ድረስ ሄዱ። ዘመዴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ያ ደግሞ ከወቀሳ ይከብዳል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ለመናገር ነው።

አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። በናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን አይቆምም፤ ይሠራል፤ ጥቂት ነጭ ጭስ ያሳያል፤ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ማለዳ መነሣት ይከብደዋል። እኛም «ብርዱ ነው» እንላለን። ስንባንን ጉዳቱ ደርሷል።

ውሃው ከየት ይመጣል? ከሦስት በኩል ይመጣል። የመጀመሪያው ከራሱ ከናፍጣው ነው። ናፍጣ ጥቂት ውሃ አሟሙቶ ይይዛል፤ አንድ ቶን ናፍጣ በመካከለኛ ሙቀት ከ50 እስከ 100 ግራም ገደማ የሟሟ ውሃ ሊሸከም ይችላል። ይህ አቅሙ ሙቀት ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። አገራችን ነዳጇን በአብዛኛው የምታስገባው በጅቡቲ በኩል ነው። ያ ናፍጣ ከባሕር ዳርቻው ቃጠሎ ተነሥቶ፣ በቦቴ ተጭኖ፣ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው እንጅባራ ብርድ ሲደርስ ሟሙቶ የነበረው ውሃ ይለቀቅና በጠብታ መልክ ይወርዳል። ማንም አጭበርባሪ ሳይጨምርበት፣ ማንም ሳይበድል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከአየር ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ የነዳጅ ታንክ ቀን ሲሞቅ አየር ይተነፍሳል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የዚያ አየር እርጥበት በቀዝቃዛው ብረት ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ታንክን ማታ ሞልቶ ማሳደር፣ ባዶውን አሳድሮ ጠዋት ከመሙላት ይሻላል።

ሦስተኛው ከዝናብ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። አዘና ከአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ወጣ ያለች በመሆኗ ናፍጣ ብዙ ጊዜ በበርሜልና በጀሪካን ይመጣል። በርሜሉን ደጅ ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን። ዝናቡ በበርሜሉ ክዳን ላይ ይኳትታል፤ ሌሊት በርሜሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ያን ውሃ በቡሽ መክፈቻው ጥርስ መካከል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክዳኑ ጥብቅ ነው ብላችሁ አትተማመኑ። በርሜሉን ከጣሪያ በታች አድርጉት፤ ጣሪያ ከሌለ በጎኑ አስተኙት፤ ሁለቱ መክፈቻዎች በአንድ አግድም መስመር ላይ ግራና ቀኝ ይሁኑ፤ ያን ጊዜ ናፍጣው ራሱ ከውስጥ ይደፍናቸዋል።

መጠኑን እንገምት። በአሜሪካ የናፍጣ መመዘኛ መሠረት ውሃና ደለል በአንድነት ከ0.05 ከመቶ ማለፍ የለባቸውም። ይህ በ200 ሊትር በርሜል ሲሰላ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ አነስተኛ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው። መመዘኛውን ያሟላ በርሜል እንኳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። በዓመት ሃያ በርሜል የሚያነድ ወፍጮ ሃያ ብርጭቆ ውሃ የሚይዝለት ነገር ያስፈልገዋል።

ይህ ጥቂት ውሃ ምን ያደርጋል? የኢንጄክሽን ፖምፓው ዘንግና ቤቱ እጅግ ተጠጋግተው ነው የሚሠሩት፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ገደማ ነው። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡ። ያን ክፍተት የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። በናፍጣው ቦታ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ጋር ይፋቃል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ዝገት ይጀምራል። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ኖዝል ከ150 እስከ 250 ባር በሆነ ግፊት ስለሚከፈት ጥቂት ይታገሣል፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ያለው ኮመን ሬል ግን ከ1600 ባር በላይ ስለሚሠራ ምሕረት የለውም። በተጨማሪ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ ፊልትሮ ስትፈቱ የምታገኙት ጥቁር አተላ መሰል ልግ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ። አሠራሩ እናቶቻችን ከሚያውቁት የራቀ አይደለም። ጠላ የምትቀዳ ሴት ጋኑን አትነቀንቅም፤ አተላው እንደ ዘቀጠ ከላይ ትቀዳለች። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ግን 1000 ግራም ነው። ስለዚህ ጊዜ ካገኘ ውሃው ይዘቅጣል። ማጣሪያው ይህን ያፋጥናል፤ ደቃቅ ጠብታዎች በውስጡ ባሉት ክሮች ላይ ተገናኝተው ትልልቅ ይሆናሉ፤ ትልልቆቹ ከሥር ወዳለችው ጽዋ ይወርዳሉ፤ ናፍጣው ብቻ ያልፋል።

አገጣጠሙን በቅደም ተከተል ልናገር።

አንደኛ፣ ቦታው። ውሃ የሚለየው ማጣሪያ ከታንኩ በኋላ፣ ነዳጅ ከሚስበው ፖምፓ በፊት ይገጠማል። ከፖምፓው በኋላ ከገጠማችሁት ፖምፓው ውሃውን ከናፍጣው ጋር እንደ ወተት ይንጠዋል፤ የተናጠ ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይለይም። ታንኩ ከላይ ሆኖ ናፍጣ በራሱ ክብደት ለሚወርድባቸው የወፍጮ ሞተሮች በታንኩና በሞተሩ መካከል ይሁን፤ ነዳጅ እንዳያንቅ ሰፊና ቀላል ማለፊያ ያለውን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። ማጣሪያው በሰዓት የሚያሳልፈው ሊትር ሞተሩ ከሚያስፈልገው ማነስ የለበትም። ይህ ለደጋ ሰው ይበልጥ ይሠራል። እንጅባራን በመሰለ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ናፍጣውን ከታንክ ወደ ፖምፓ የሚገፋው ያ ግፊት ስለሆነ፣ ቆላ ላይ የሚሠራ ጠባብ ወይም የቆሸሸ ፊልትሮ ደጋ ላይ ሞተሩን ቶሎ ያስርበዋል።

ሦስተኛ፣ አቀማመጡ። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ከሥሩ ብርጭቆ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተውለት። ለማራገፍ የማይመች ማጣሪያ አይራገፍም። መግቢያና መውጫውን የሚያሳየውን ቀስት ተከተሉ። ቱቦው ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ቱቦ በናፍጣ አብጦ ይፈርሳል። በመጋጠሚያው ላይ ነጭ የቧንቧ ፕላስተር አትጠቅልሉ፤ ቁርጥራጩ ገብቶ ኖዝል ይደፍናል።

አራተኛ፣ አጠባበቁ። የጎማ ቀለበቱን ንጹሕ ናፍጣ ቀቡት፤ ፊልትሮው ገጹን ከነካ በኋላ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር፣ በእጅ ብቻ አጥብቁት። በመፍቻ የጠበቀ ቀለበት ይጨመቅና አየር ያስገባል።

አምስተኛ፣ አየሩን ማስወጣት። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን አላሉ፤ የእጅ ፖምፓ ካለ ግፉ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቁና መልሳችሁ ጥበቁ። ሁለተኛውን፣ ማለትም የረቀቀውን ፊልትሮ ከጀሪካን በቀጥታ አትሙሉት፤ በጀሪካኑ ያለው ቆሻሻ ያለ ማንም ከልካይ ወደ ፖምፓው ይሄዳል።

የማያያዙ ነገር አጭር ነው፤ ዘመዴን ያጎደልኩበትም እሱ ነው። ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሌሊቱን የዘቀጠው ሳይናጥ፣ ከጽዋዋ ሥር ብርጭቆ ያዙና መክፈቻዋን ክፈቱ። ውሃው ይወርዳል፤ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ዝጉ። የአዊ ፈረሰኛ ሰኮናውን ሳያይ ፈረሱን አይጭንም፤ ይህም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያራገፋችሁትን መሬት ላይ ወይም ወንዝ ዳር አትድፉ፤ በአንድ ዕቃ አጠራቅሙት። በደብተር ላይ ቀኑንና የውሃውን መጠን ጻፉ። ትናንት ጠብታ የነበረው ዛሬ ግማሽ ብርጭቆ ከሆነ ነዳጁ የመጣበት በርሜል ይመርመር።

የማጣሪያውን ጨርቅ አምራቹ በወሰነው ሰዓት ቀይሩ፤ በብዙ ሞተሮች ከ250 እስከ 500 ሰዓት ነው። አጥቦ መመለስ፣ በአየር ነፍቶ መመለስ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ፊልትሮ ያለ መስሎን ያለ ፊልትሮ እንሠራለን።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ናፍጣውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አንድ ሰዓት አስቀምጡት። ብሩህ መሆን አለበት፤ ደፈርስ ካለ ወይም ከሥር መስመር ካሠራ አትቀበሉት። ከበርሜል ስትቀዱ ሌሊት አሳድራችሁ ከላይ ቅዱ፤ የመጨረሻውን አራት ጣት ከፍታ ተዉት።

ሁለት የተለመዱ ልማዶችን ላንሣ። አንዳንዶቻችን ናፍጣ በነጠላ እናጠላለን። ነጠላ ገለባና አሸዋ ይይዛል፤ ውሃውን ግን ጠጥቶ ሲረካ ያሳልፈዋል። ሌሎች ደግሞ «ውሃውን ይገድለዋል» ብለው አልኮል ይጨምራሉ። አልኮል ውሃውን አይገድልም፤ ከናፍጣው ጋር አስታርቆ በማጣሪያው በኩል ወደ ኖዝሉ ያሻግረዋል። ማጣሪያው ሊይዘው የነበረውን ጠላት በገዛ እጃችን አሳለፍነው ማለት ነው።

አንድ ተማሪዬ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውሶ «ናፍጣ ሊቀር ነውና ይህ ዕውቀት ምን ይሠራል?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመብራት መስመር ያልደረሰበት ወፍጮ፣ በወንዝ ዳር ድንች የሚያጠጣ ፓምፕ፣ እህል የሚጭን አይሱዙ ግን ነገ ጠዋትም በናፍጣ ይነሣሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚቆሙት በድህነታችን ምክንያት ከሆነ ያሳዝናል፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ምክንያት ከሆነ ግን ያሳፍራል።

ዘመዴ ወፍጮውን ዛሬም ያስፈጫል። በግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት አሁንም አለ፤ ከሥሩ እሱ ራሱ በትልቁ በእስክሪብቶ «ማለዳ ይራገፍ» ብሎ ጽፎበታል። ያች መስመር እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ትበልጣለች። እናንተም ስትመለሱ በየወፍጮ ቤታችሁ እንድትጽፏት እለምናለሁ።