መተማን ማን አቀናት?



የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ከመካከላችን የአንዱ ልጅ በቅርቡ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እኛ ወደዚህ አገር የመጣነው መቼ ነው?» ብሎ አባቱን ጠየቀው። የክፍል ጓደኛው «እናንተ እኮ መጤ ናችሁ» ብሎት ነው። አባትየው የሚመልሰው አጥቶ ወደ እኛ መጣ። ዛሬ የምንናገረው ለዚያ ልጅ ነው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙን።

መተማ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን ጦርነት ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ፣ ድርቡሽ። ከተማዋም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ለአገር ዳር ድንበር የወደቁ ንጉሥ ናቸውና በዚህ ቅሬታ የለንም። ግን ያ ጦርነት ባዶ ሜዳ ላይ አልተደረገም። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ከተማ ነበር፤ ገበያ ነበር፤ ከተማውን የሚመራ ሼኽ ነበር።

ያቀኗት ተክሩሮች ናቸው። ተክሩር በሴኔጋል ወንዝ ዳር የነበረ ጥንታዊ የሙስሊም መንግሥት ነው፤ በኋላ ግን ስሙ ከምዕራብ አፍሪካ ለሚመጣ ሐጃጅ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። አውሮፕላን በሌለበት ዘመን በእግራቸው ነበር የሚጓዙት። መንገድ ላይ እያረሱ፣ የቀን ሥራ እየሠሩ፣ ልጅ እየወለዱ፤ መካ ለመድረስ ዓመታት የፈጀበት ብዙ ነው። ከእነዚህ ሐጃጆች፣ በተለይም ከዳርፉር ከመጡት፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ቆላ የቀሩ አሉ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለጥጥ ይመቻል። ከኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ አግኝተው ሰፈሩ። ይህን ልብ በሉልን፤ በጉልበት የነጠቁት መሬት አይደለም።

ለጎንደር ቤተ መንግሥትም ይህን ጠረፍ በሙስሊም ማስተዳደር እንግዳ ነገር አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በነበረበት ጊዜ፣ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ራስ አል-ፊል በሚባለው በዚሁ ቆላ ላይ ሲሾም፣ ምክትሉ ሆኖ አገሩን የያዘለት ያሲን የተባለ ሙስሊም ነበር።

መተማን ወደብ ብንላት ትስቁ ይሆናል። ባሕር የላትም፤ በበጋ ውኃም አይበረክትላት። ግን የወደብ ሥራ ሁሉ እዚያ ይሠራ ነበር። ከደጋ በጭልጋና በዋህኒ በኩል ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ በበቅሎና በአህያ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ ግመል ጨርቅና ዶቃ ጭኖ ይገባል። የደጋው አጋሰስ ከዚያ በታች ያለውን ሙቀት አይችለውም፤ ግመሉም ገደሉን አይወጣም። ስለዚህ ዕቃ የግድ መተማ ላይ ይራገፋል፣ ይሸጣል፣ ጫኝ ይለውጣል። ተክሩሮቹ ራሳቸው የሚያመርቱትን ጥጥ የደጋ ሰው እየወረደ ይገዛቸዋል። የጎንደር አዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች የደጋውን ጫፍ ይዘዋል፤ የመተማው ሼኽ የቆላውን።

በ1862 በፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በዚያ ሲያልፍ የከተማው አለቃ ሼኽ ጁማ ነበሩ። ቤከር ስለ ተክሩሮቹ ታታሪነት ጽፏል። ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያንንም እዚያው አግኝቷል። በእነዚያ ዓመታት የፕሮቴስታንት ሚሲዮን በመተማ ጣቢያ ነበረው። እስቲ አስቡት፤ ከሐጅ መልስ የሰፈሩ ሰዎች ባቀኑት ከተማ፣ በሼኽ አስተዳደር ሥር፣ ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ፈረንጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ክርስቲያኑ የደጋ ነጋዴም ሸጦ ለውጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሼኾቹ ለሐበሻ ንጉሥም፣ ሱዳንን ለያዙት ግብፆችም ይገብሩ ነበር። ይህን በሁለት ቢላ መብላት ነው የሚል አይጠፋም። እኛ እንደዚያ አናየውም። ሁለት ጉልበተኛ መሐል የተቀመጠ ገበያ ሰላሙን የሚገዛው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከኢትዮጵያ የተፈነገሉ ሴቶችና ልጆች በዚያ በር ወጥተዋል። ሻጩም ገዢውም ከየሃይማኖቱ ነበረ፤ የእኛም ወገን አለበት። የአባቶቻችንን መልካም ሥራ እያነሳን ይህን ብንደብቅ ልጁ ነገ ከሌላ ሰው ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሳዛኝ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታወጀ፤ ብዙ ወሎዬ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በማዶ ደግሞ ማህዲ ተነሳ። መተማን በ1870ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ግብፆች ጠቅልለው ይዘዋት ነበርና የማህዲ ጦር ከበባት። የተክሩሮቹ አለቃ ሷሊሕ ሸንቃ የማህዲን ጥሪ አልተቀበሉም፤ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሙ። በከተማዋ የነበረው የግብፅ ጦርም በኢትዮጵያ እርዳታ ወጥቶ በአገራችን በኩል ወደ ምጽዋ ተሸኘ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሐበሻ ያስተላለፉት አደራ ለእነዚያ ሰዎች የመጽሐፍ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ነው፣ ደንበኛቸው ነው። ይህ አቋም ዋጋ አስከፈላቸው። ድርቡሾች ከተማዋን ዘረፉ፤ በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ድረስ ዘልቀው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። በዓመቱ የንጉሡ ሞት ተከተለ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች ውል ድንበሩ ተሰመረና አንዱ ገበያ ገላባትና መተማ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

እና ያ ልጅ «መቼ መጣን?» ካለ፣ ከእኛ ወገን በመተማ የሰፈሩት ዛሬ የድንበር መስመር የምንለው ሳይሰመር ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። የመጡት ተፈቅዶላቸው ነው። የሰፈሩበትንም ገበያ አድርገውታል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በዚያችው ድልድይ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ከዚያ የተመለሰው ወገናችን፣ የብዙ አገር ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ። የመተማ ሰው ውኃ ይዞ ሲወጣ ሃይማኖት አልጠየቀም።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው አለ። የተክሩር ዘር ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ በጭልጋ መንገድ የነገዱ፣ አሮጌ የንግድ ውል፣ የዘር ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት፣ የቆየ የመስጊድ ፎቶ በሣጥን ያስቀመጣችሁ፣ አምጡልን። ዋናውን አንወስድባችሁም፤ ኮፒ አድርገን እንመልሳለን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌዎች ካሉ ደግሞ እኛው ቤታቸው ድረስ ሄደን በድምፅ እንቀዳለን። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ታገኙናላችሁ፣ ኢንሻ አላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።