ከተከላው ቀን በኋላ

 

እናንተ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቃችሁ የምትሠሩት ባሕር በሌለው አገር ነው። እኔ ደግሞ ስለ ባሕር ዳርቻ ደን ላወራችሁ መጥቻለሁ። በሙያዬ ካየኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከልቤ ያልወጣው፣ ከኬንያዋ ሞምባሳ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጋዚ ወሽመጥ ነው።

የጋዚ ዳርቻ ደን ማንግሮቭ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ሥሩ በጨው ውሃ ይዋጣል፤ ሲጎድል ጭቃው ላይ ተንጠራርቶ ይታያል። አንደኛው ዝርያ ፍሬውን እዚያው እናቱ ላይ እያለ ያበቅለዋል፤ ክንድ የሚያህል አረንጓዴ ቡቃያ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይቆይና ሲደርስ ጭቃው ላይ ይወድቃል። ትንንሾቹ ዓሦች የሚያድጉት በሥሮቹ መካከል ተሸሽገው ስለሆነ፣ ደኑ ሲጠፋ የዓሣ አጥማጁም መረብ ይሳሳል። ይህ ደን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶ ተጨፈጨፈ።

የጋዚና የማኮንጌኒ መንደር ነዋሪዎች ከኬንያ የባሕር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው መልሰው አለሙት። በዚያው አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ሚኮኮ ፓሞጃ በተባለው ፕሮጀክታቸው 117 ሄክታር ይጠብቃሉ፤ ደኑ አምቆ የሚያስቀረውን ካርቦን ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል መንደርተኛው ተሰብስቦ ይወስናል። የመጠጥ ውሃ አስገብተውበታል፤ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት ገዝተውበታል። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀበሉ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሸውሸዌው ነው። አዎ፣ እኛው የምናውቀው ሸውሸዌ! ማንግሮቩን አትቁረጡ ከማለታቸው በፊት፣ እናቶች በምን ይቀቅላሉ፣ ጎጆ የሚሠራውስ በምን ያዋቅራል ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ለማገዶና ለቋሚ የሚሆን ሸውሸዌ በየብሱ ላይ ተከሉ። ልጆቼ፣ ደን ጥበቃ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፤ ታገሡኝ። በፈረንጆቹ 2004 ከደረሰው ሱናሚ በኋላ በስሪላንካ ዳርቻ ማንግሮቭ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ተመራማሪዎች ቆይተው 23 የተከላ ቦታዎችን ሲመለከቱ፣ በ9ኙ አንድም የጸደቀ ችግኝ አላገኙም። የተተከለው ከቦታው ውጭ ነበር፤ ውሃው በዛበት ወይም አነሰበት፤ ከብት ረገጠው፤ የሚንከባከበው ጠፋ።

ይህን ሳነብ ስሪላንካ ሩቅ መስላ አልታየችኝም። በወጣትነቴ የልማት ሠራተኛ ሆኜ በሠራሁበት አንድ ወረዳ፣ የበላይ አካላት በመኪና ተሰልፈው ለተከላ መጡ። ፎቶው ተነሣ፣ ንግግሩ ተደረገ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጉድጓዶቹን እየዞርኩ ስመለከት፣ ብዙዎቹ ችግኞች ፕላስቲካቸው እንኳ ሳይወልቅ ተቀብረዋል። ከዳር ቆመው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እዚህ እኮ በጥቅምት ከብት ነው የሚሰማራው። ማን ጠየቀን?» አሉኝ። በጥቅምት ከብቱ ገባ። በወረዳው ሪፖርት ላይ ግን እነዚያ ችግኞች እንደተተከሉ ኖሩ።

ሕዝባችን ለመትከል ሰነፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል፤ ብዙዎቻችሁም በዚያ ዝናብ ውስጥ ነበራችሁ። የእኔ ጭንቀት ከማግስቱ ይጀምራል። ችግኙን በጋውን ሙሉ ማን ውሃ ያጠጣዋል? መሬቱ የማን ነው? ሲደርስ ማን ይጠቀማል? ባለቤት የሌለው ዛፍ አይጸድቅም፤ በዚህ እምነቴ አረጀሁ፣ አልለወጠውምም።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦን ሄዳችሁ እዩ። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ለሰባት የገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። ገበሬዎቹ ከልቅ ግጦሽና ከመጥረቢያ ሲጠብቁት፣ አብዛኛው ደን ከቆየ ጉቶ ራሱ አቆጠቆጠ። የሥር መሠረቱ በሕይወት ካለ ብዙ ችግኝ ጣቢያ ማቋቋም አያስፈልግም፤ ዋናው ጠባቂው ነው።

እንግዲህ አደራዬን ልንገራችሁና ልቀመጥ። የተመደባችሁበት ወረዳ ስትደርሱ፣ ከቢሮው በፊት ሽማግሌዎቹንና ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች አነጋግሩ። ስንት ተከላችሁ ለሚላችሁ አለቃ ስንት እንደጸደቀም ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። በሦስተኛው ዓመት ወደ ተከላችሁበት ቦታ ተመለሱ፤ የቆመውን ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ቢያሳፍርም እንዳለ ጻፉት። ወላጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!